ካሜራው እንዲንሳፈፍ ለምትሻ ወንድሜ

ወንድሜ፣ ምስልህ ይንቀጠቀጣል። አትፈር። ሰርግ ቀራጭ ሁን፣ የሙዚቃ ክሊፕ ሠሪ ሁን፣ ወይም ፕሮዲውሰሩ «እንደ ሆሊውድ አድርግልኝ» ብሎ የላከህ የፊልም ካሜራማን ሁን፣ ሕመሙ አንድ ነው። መድኃኒቱም አለ። ጊምባል ይባላል። ካልሠራልህ ሁለተኛ ጊምባል ይባላል።

ተረጋጋ። አንድ በአንድ እናየዋለን። እኅቴ ከሆንሽም ምክሩ ያው ነው፤ ወገብም ያው ወገብ ነው።

አንደኛ፦ ሳትመዝን ግዛ።

ካሜራህ ከነሌንሱ ስንት ኪሎ እንደሆነ ለማወቅ አትጨነቅ። ዕቃው የሚችለውን ክብደት አምራቹ ጽፎልሃል። ዲጄአይ የተባለው ኩባንያ የሚሠራው አርኤስ 4 እስከ 3 ኪሎ ይሸከማል፤ አርኤስ 4 ፕሮ እስከ 4.5 ኪሎ፤ ለትልልቅ የሲኒማ ካሜራዎች የተሠራው ሮኒን 2 ደግሞ እስከ 13.6 ኪሎ። ቁጥሮቹ ቆንጆ ናቸው። አንብባቸውና እለፋቸው። ካሜራህ ትንሽ ከሆነ፣ ከነሌንሱ ኪሎ ተኩል የማይሞላ ከሆነ፣ ትልቁን ጊምባል ግዛ፤ ደንበኛው ከሩቅ ያየዋል። ካሜራህ ከባድ ከሆነ፣ በላዩም ሞኒተር፣ ማይክ፣ ገመድ አልባ ማስተላለፊያ፣ የፎከስ ሞተርና ትልቅ ባትሪ የምትጭን ከሆነ፣ ትንሹን ግዛ፤ ብር ይተርፍሃል።

ከመግዛትህ በፊት ራስህን የምትጠይቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው። «ምን ልቀርጽ ነው?» አይደለም። እሱ ያደክማል። «እገሌ ምን ይዟል?» ነው። እገሌ የያዘውን ካወቅህ በአንድ ቁጥር ከፍ ያለውን ውሰድ። እሱም ያንተን ሲያይ ከአንተ ከፍ ያለውን ይወስዳል። እንዲህ እየተደጋገፋችሁ ታድጋላችሁ።

ደንበኛህም ይረዳሃል። የሰርግ ቀረጻ ውል ላይ ምን እንደሚጻፍ አስታውስ፦ ካሜራ ሁለት፣ ጊምባል አንድ፣ ድሮን አንድ፣ ክሬን አንድ፣ አልበም ይህን ያህል ገጽ። ምን እንደሚቀረጽ የሚል መስመር የለበትም፤ ወረቀቱ አይበቃም። የሚከፍለው የሙሽራዋ ታላቅ ወንድም በዕለቱ ቆሞ ይቆጥራል። ካሜራውን አየ። ጊምባሉን አየ። ቀና ብሎ ድሮኑን አየ። ልቡ አረፈ። ቪዲዮው የሚደርሰው ከወራት በኋላ ነው፤ ያኔ ገንዘቡም ተከፍሏል፣ ጊምባሉም ተሸጧል።

ሁለተኛ፦ ካርቶኑን አስጥል።

ዕቃው ወደ እኛ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ በሰው እጅ ነው። ከዱባይ የምትመጣ የአክስት ልጅ አለች፤ ከዋሽንግተን የሚመጣ የሰፈር ልጅ አለ። አስቀድመህ ምከራቸው። ካርቶኑን ይጣሉ። ስፖንጁን ይጣሉ። መመሪያውንና የዋስትና ወረቀቱን ይጣሉ። ጊምባሉን በሹራብ ጠቅልለው ሻንጣ ውስጥ ይክተቱት፤ ጉምሩክ ላይ ያገለገለ እንዲመስል። ቤትህ ሲደርስ ያገለገለ ይሆናል። ስፖንጁ ሥር የነበሩት ትንንሽ ብሎኖች፣ የሌንስ መደገፊያውና መፍቻው ከካርቶኑ ጋር ዱባይ ቀርተዋል፤ አትዘን። ካሜራው የሚቀመጥበት ፕሌት አንድ ብሎን ጎድሎት ይላወሳል እንጂ አይወድቅም። አብዛኛውን ጊዜ አይወድቅም።

ስለ ዋጋውም እንዳትደነግጥ ላስረዳህ። አርኤስ 4 እ.ኤ.አ. በ2024 ሲወጣ ዋጋው 549 ዶላር ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከመወሰኑ በፊት ይህ በባንክ ተመን ከ33 ሺህ ብር አይበልጥም ነበር፤ ዶላሩ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ሲያልፍ ግን ከ54 ሺህ በላይ ሆነ። በባንክ ተመን ዶላር አግኝቶ ጊምባል የገዛ ሰው ይኖር እንደሆነ አትጠይቀኝ። ሲወደድ አትተወው። ተበደር። ብድሩን በሰርግ ሥራ ትከፍላለህ። ሥራውን ለማግኘት ዋጋህን ትቀንሳለህ። ዋጋህን የምትቀንሰው ጊምባል ያላቸው ሰዎች ስለበዙ ነው። ጊምባል የገዙትም ዋጋቸውን ላለመቀነስ ነው። እንዳየኸው ሁሉም ነገር ተያይዟል፤ ብቻህን አይደለህም።

እ.ኤ.አ. በ2013 ፍሪፍላይ የተባለው ኩባንያ ሞቪ የሚባለውን ጊምባል ሲያስተዋውቅ ዋጋው ወደ 15,000 ዶላር ነበር። ያኔ የሚንሳፈፍ ምስል ያላቸው ጥቂቶች ነበሩ፤ ስለዚህ ሰው ይደነቅ ነበር። ዛሬ ሁሉም ይንሳፈፋል። አንተም ልዩ ለመሆን ተንሳፈፍ።

ሦስተኛ፦ በሰርጉ ጠዋት ክፈተው።

አዲሱን ጊምባል አስቀድመህ አትንካው። እንግድነቱን አክብርለት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበራ በስልክ መተግበሪያ ማንቃት ይፈልጋል፤ መተግበሪያው ኢንተርኔት ይፈልጋል፤ ኢንተርኔቱ የሚፈልገውን አንተም አታውቅም። ይህን ሁሉ ሙሽራው ሙሽራዋን ሊወስድ በመጣበት ሰዓት አድርገው። የሙሽራዋ ሚዜዎች በሩን ይዘው ስለሚደራደሩ ጊዜ ታገኛለህ። መተግበሪያው «ሶፍትዌሩን ላድስ?» ካለህ እሺ በለው። እምቢ ማለት ነውር ነው። እድሳቱ ሳያልቅ በሩ ከተከፈተ ሚዜዎቹን «ገንዘቡ አንሷል» በላቸው፤ መልሰው ይዘጉታል።

አራተኛ፦ ሚዛን አትጠብቅ።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ወጣት ባለሙያ ዕድሜውን የሚፈጀው እዚህ ነውና።

ጊምባል ሦስት ሞተር አለው። አንዱ ካሜራው እንዳያቀረቅርና እንዳያንጋጥጥ፣ አንዱ ወደ ጎን እንዳይዘም፣ አንዱ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እንዳይወላወል ይጠብቃል። በውስጡ ያለው መለኪያ እጅህ ሲያዘነብል ያውቃል፤ ሞተሩም በተቃራኒው ይገፋል። ነገር ግን ሞተሮቹ የተሠሩት ለእርማት ነው እንጂ ካሜራህን ቀኑን ሙሉ ለመሸከም አይደለም። ስለዚህ መሣሪያው ሳይበራ ካሜራው በራሱ ሚዛን መቆም አለበት ይላሉ አዋቂዎች። ሌንሱ ተገጥሞ፣ ክዳኑ ተነሥቶ፣ ባትሪና ካርዱ ገብቶ፣ ዙሙም በምትጠቀምበት ርዝመት ላይ ሆኖ፣ መጀመሪያ የፊትና የኋላው ሚዛን ይስተካከላል፣ ቀጥሎ የላይና የታቹ፣ ቀጥሎ የጎኑ፣ በመጨረሻ የመዞሪያው። ከዚያ ሌንሱን ወደ ሰማይ አቅንተህ ትለቀዋለህ። ባለበት ከቆመ ልክ ነው። ለለመደ ሰው ሁሉም ቢደመር አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

አምስት ደቂቃ! ወንድሜ፣ በአምስት ደቂቃ ጊምባልህን ይዘህ ስንት ፎቶ ትነሣለህ። ተወው። ዝም ብለህ አብራው። ሞተሩ ይችላል። መጀመሪያ ያጉረመርማል፤ አትስማው። ቀጥሎ ይሞቃል፤ ጠዋት ከሆነ እጅህን ሙቅበት። ቀጥሎ ካሜራውን ጥቃቅን መርገብገብ ይይዘዋል፤ አታስብ፣ በካሜራው ትንሽ ስክሪን ላይ አይታይም። የሚታየው በትልቅ ቴሌቪዥን ነው፤ ትልቁ ቴሌቪዥን ያለው ደግሞ ደንበኛው ቤት ነው። በመጨረሻ ሞተሩ ይታክተዋል፤ ካሜራውም አንገቱን ይደፋል። ቀለበት ሲደረግ የቀረጽከው ምንጣፍ ነው ማለት ነው። አትደንግጥ። ኤዲት ሲደረግ «ሽግግር» በለው።

የሞተሩን ጉልበት በራሱ ለክቶ የሚያስተካክል ትእዛዝም አለው። ይህ ካሜራው ከተመዛዘነ በኋላ የሚሰጥ ትእዛዝ ነው። አንተ ሳታመዛዝን ስጠው። ካልሰማ ድገመው። ሌንስ ስትቀይር ሚዛኑ እንደሚፈርስ፣ ዙሙ ሲረዝም የክብደቱ መሐል ወደ ፊት እንደሚሄድም ይነግሩሃል። እውነት ነው፤ ግን አንተን አይመለከትም። ያልተሠራ ሚዛን አይፈርስም። የዚህ ዘዴ ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው።

አምስተኛ፦ አረማመድ አትማር።

ጊምባሉ መዞርንና ማዘንበልን ያርማል እንጂ ስትራመድ ሰውነትህ ከፍና ዝቅ የሚለውን አያርምም። ለዚያ የሚሆን ሞተር የለውም። ያንን የሚያርመው ጉልበትህ ነው፤ ሸብረክ ብለህ፣ ተረከዝህን አስቀድመህ፣ እግርህን አለስልሰህ ስትሄድ። ወይም ደግሞ ስፕሪንግ ያለው ክንድ ታስረህ። ይህን የሚለማመድ ሰው ጓሮው ውስጥ ሳምንታት ወዲያ ወዲህ ሲል ይታያል፤ ጎረቤትም ይጠቋቆማል። ክብርህን ጠብቅ። ሦስት አቋራጭ አለልህ።

መጀመሪያ፣ ሰፊ ሌንስ ግጠም። በሰፊ ሌንስ መንቀጥቀጥ ይቀንሳል። ዳር የቆሙት አክስቶች ግን ይለጠጣሉ። አክስቶችን ዳር አታቁም፤ መሐል ከሆኑም ሙሽሮቹን ይጋርዱብሃልና ከግቢ አስወጣቸው።

ሁለተኛ፣ ሁሉንም ነገር በስሎ ሞሽን ቅረጽ። በ100 ፍሬም ተቀርጾ በ25 የሚታይ ነገር አራት እጥፍ ይዘገያል፤ የእርምጃህም መንገጫገጭ ወደ መወዛወዝ ይለወጣል። ሙሽራዋ ከመኪና ስትወርድ ስሎ ሞሽን። ዳቦ ሲቆረስ ስሎ ሞሽን። አጎቷ ጥርሱን ሲፍቅ ስሎ ሞሽን። እስክስታው ላይ ትንሽ ችግር አለ። ትከሻው መምታት ይጀምራል፤ ይነሣል፤ አሁንም ይነሣል፤ ሊመለስ ሲል ዘፈኑ ያልቃል። ለዚህ መፍትሔው ዘፈኑን አውጥተህ ፒያኖ መግጠም ነው። ጎንደርም ተጨፈረ ወሎ፣ ፒያኖው ያው ነው፤ ሥራም ይቀላል።

ሦስተኛ፣ እነዚህ ሁለቱ ካልሠሩ ሰዎቹን አቁማቸው። ዛፍ ሥር አቁመህ «እዛው ሁኑ፣ ተያዩ፣ ሳቁ፣ አትናገሩ» በላቸው። የሚንቀሳቀሰው ካሜራው ብቻ ይሁን። የተንቀሳቃሽ ምስል ሙያ ዛሬ የደረሰበት ደረጃ ይህ ነው፤ ሰው ይቆማል፣ ካሜራው ይሄዳል።

እንጦጦ ላይ የምትቀርጽ ከሆነ ደግሞ ከፍታው ከ3000 ሜትር በላይ ነውና ወደ ኋላህ ዳገት እየሄድክ ትንፋሽህ ያጥርብሃል። አትተንፍስ።

ስድስተኛ፦ ዙር።

ጊምባል ከያዝክ መዞር ግዴታህ ነው። ሙሽሮቹን ዙራቸው። ኬኩን ዙረው። መኪናውን ዙረው። ምን እንደምትቀርጽ ግራ ሲገባህ ምክንያት አትፈልግ፣ ዙር ጨምር። ሽማግሌዎች ተቀምጠው ሲመርቁ በመካከላቸው እየዞርክ እለፍ፤ ምርቃቱ ላንተም ይደርስሃል። በተክሊል ጋብቻ ጊዜ ቄሱ ዘውዱን ሲደፉ በእሳቸውና በሙሽራው መካከል ያለችው ቦታ ጠባብ ናት፤ ግን ጊምባል ቀጭን ነው። ዲያቆኑ ቢቆጣህ እሱንም ዙረው። ምእመናኑ ሥርዓቱን ሳይሆን ጀርባህን ሲያዩ ቢውሉ አይቀየሙህም፤ ኋላ በቪዲዮ ያዩታል። ይህንን ሁሉም ቀራጭ ስለሚያደርገው ሥርዓቱ ራሱ የሚቀርጽ ሰው ያለበት ሆኖ ሊጻፍ ምንም አልቀረው።

ሰባተኛ፦ የድሮ ፊልም አትይ።

ይህን የምለው ለሰላምህ ነው። አንዳንድ አንጋፋ ባለሙያዎች ስለ ስቴዲካም ሊነግሩህ ይሞክራሉ። በአክብሮት ስማቸው፤ አትመናቸው። ጋሬት ብራውን የተባለ የፊላዴልፊያ ሰው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የካሜራውን እንቅስቃሴ ከቀራጩ እርምጃ የሚለይ ዕቃ ሠራ። ያ ዕቃ ሞተር አልነበረውም። አንድ ጃኬት፣ ስፕሪንግ ያለው አንድ ክንድ፣ ከላይ ካሜራ ከታች ባትሪና ሞኒተር የተሸከመ አንድ ዘንግ። ዘንጉን አጋድመህ ስትለቀው ቀጥ ያለ ቦታው ላይ እስኪደርስ ሁለት ሦስት ሰከንድ ከፈጀበት ሚዛኑ ልክ ነው። ብራውን የሥራውን ናሙና ሲያዘጋጅ ወዳጁ በፊላዴልፊያ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ደረጃ ላይ ስትሮጥ ቀረጻት። ዳይሬክተሩ ጆን አቪልድሰን ያንን አየና ደረጃው የት እንደሆነ ጠየቀ። እ.ኤ.አ. በ1976 «ሮኪ» 72ቱን ደረጃዎች ሮጦ ወጣ። በዚያው ዓመት በወጣው «ባውንድ ፎር ግሎሪ» ደግሞ ብራውን በክሬን ከላይ ወደ መሬት ወርዶ፣ ከክሬኑ ተነሥቶ፣ ሳይቆረጥ በተፈናቃዮች ሰፈር መካከል በእግሩ ሄደ። በ1978 ኦስካር ሰጡት። በ1980 በ«ዘ ሻይኒንግ» ሕፃኑን በባለ ሦስት ጎማ ብስክሌቱ በሆቴሉ መተላለፊያ ተከተለው።

የእነዚህ ምስሎች አደጋ ምን መሰለህ? ካሜራው የሚሄደው የሚሄድበት ነገር ኖሮት ነው። ሮኪ መጀመሪያ በጭንቅ የወጣውን ደረጃ ነው ኋላ የሚበረው። ሕፃኑ ከጥጉ ወዲያ ያለውን አያውቅም፤ እኛም ከኋላው ሆነን አናውቅም። በ1990ው «ጉድፌላስ» ካሜራው ወንዱንና ሴቷን በጓሮ በር አስገብቶ፣ በኩሽና አሳልፎ፣ እስከ ጠረጴዛቸው ይከተላቸዋል፤ በር ሁሉ ለሰውየው እንዴት እንደሚከፈት እያየች ሴቲቱ ትሸነፋለች፤ እኛም እንሸነፋለን። አንዴ ይህን ማየት ከጀመርክ «እዚህ ጋ ካሜራው የሚሄደው ለምንድን ነው?» ትላለህ። መልስ ታጣለህ። ትራይፖድ ትዘረጋለህ። ደንበኛው «ጊምባሉስ?» ይላል። ቤትህ ይፈርሳል።

የራሳችንም አለ፤ እሱንም ተጠንቀቀው። ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በ16 ሚሊሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም ሠርቶ ያወጣው በዚያው በ1976 ነው። ካሜራው ከሩቅ ቆሞ ገበሬዎቹ በመሬቱ ላይ ሲያልፉ በትዕግሥት የሚያይባቸው ቦታዎች አሉት። ምስኪን ገበሬ፤ የሚዞረው እንኳ አላገኘም።

ስምንተኛ፦ ሲበላሽ።

ምስሉ በጥቃቅኑ ይርገበገባል። ፕሌቱ ላልቶ፣ የሞተሩ ጉልበት በዝቶ፣ ወይም ካሜራው ውስጥ ያለው ማረጋጊያ ከጊምባሉ ጋር እየተጋፋ ሊሆን ይችላል። ብሎኑን ለማጥበቅ መፍቻ ያስፈልጋል፤ መፍቻው ዱባይ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ማረጋጊያ አብራቸውና ይለዩ።

አድማሱ ዘመመ። ጊምባሉን ደልዳላ ቦታ አስቀምጠህ፣ ሳትነካው፣ ካሊብሬት ብታደርገው ይድን ነበር። ደልዳላ ቦታ ካጣህ ሞተሩ ያልጠፋ ሚኒባስ ኮፈን ላይ አድርገው። ከዚያ ወዲህ ካሜራው ቀጥ ይላል፣ አገሩ ይዘማል።

በድንገት ቆመ። አጥፍተህ አብራው። አሁንም አጥፍተህ አብራው። በዚህ መካከል የሙሽራው አባት እያነቡ እየመረቁ ከሆነ እንዲደግሙልህ ለምናቸው። ዕንባቸውንም ጭምር።

ይህ ሁሉ ካልሆነ «ኤዲተሩ ያስተካክለዋል» በል። ኤዲተሩ በፕሮግራሙ ያለውን ማረጋጊያ ይጭንበታል። ፕሮግራሙ ምስሉን ለማረጋጋት ዳር ዳሩን ይቆርጣል፤ የሙሽራዋ ግንባርና የሙሽራው ግማሽ ትከሻ ይሄዳሉ፤ ከኋላቸው ያለው ግድግዳም መተንፈስ ይጀምራል። ኤዲተሩ «ከለር ሲሠራ ይደበቃል» ይላል። ከለር የሚሠራው «ሙዚቃው ሲገባ አይታወቅም» ይላል። ሙዚቃውን የሚያስገባው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ድምፁን ከፍ ያደረገው ሰው ከእሱ በኋላ የሚያቀብለው የለም፤ ለእሱ ጸልይለት።

ዘጠነኛ፦ ወገብህን ጠብቅ።

አሁን ስለ ጤናህ። ይህን ከልቤ ነው የምነግርህ። ቲልማን ቡትነር የተባለ ጀርመናዊ ቀራጭ እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣው «ራሽያን አርክ» በሴንት ፒተርስበርግ የሄርሚታዥ ሙዚየም አዳራሾች ውስጥ ከአንድ ሰዓት ከሩብ በላይ ሳይቆርጥ ቀርጿል። ስቴዲካሙ ክብደቱን በጃኬቱ በኩል ወደ ዳሌው ያወርድለት ነበር። ረዳቶችም ነበሩት። አንተ ረዳት አትጠይቅ። ፕሮዲውሰሩ ይከፋዋል። ካሜራማኑም፣ ጊምባል ያዡም፣ ፎከስ ጠባቂውም፣ ድምፅ ቀጂውም አንተው ሁን። ከተረፈህ እጅ መብራት ያዝ። ካሜራውን ከደረትህ አርቀህ፣ ክንድህን ዘርግተህ፣ ከጠዋት እስከ ቅልቅል ያዘው። ወገብህ ሲያዝ ወጌሻ ዘንድ ሂድ። «ምን ተሸክመህ ነው?» ሲልህ «ሦስት ኪሎ» በለው። ይስቃል። መሳቅ ለታማሚም ለሐኪምም ጥሩ ነው።

ክፍያህንም ልንገርህ፤ ማንም ስለማይነግርህ። ጊምባሉ የኪራይ ከሆነ በቀን ሂሳብ ይታሰባል። አንተ በፕሮጀክት ትታሰባለህ። ቀረጻው አንድ ቀን ከዘገየ ለጊምባሉ ይጨመርለታል፤ ላንተ ምሳ ይጨመርልሃል። አከራዩ መታወቂያህን ይይዛል፤ ዕቃው ላይ ጭረት ካገኘ ያስከፍልሃል። ስለዚህ ስትወድቅ በጀርባህ ውደቅ፣ ጊምባሉን ወደ ላይ ይዘህ። ያንተን ጭረት የሚቆጥር የለም፤ በአንተ ዋስ ሆኖ መታወቂያ ያስያዘም የለም። ፕሮዲውሰሩ እየሮጠ ይመጣል። «ዕቃው ደህና ነው?» ይላል። ደህና ነው በለው። ይመርቅሃል።

አሥረኛ፦ ሲረጋጋ አንቀጥቅጠው።

ምናልባት፣ ይህን ምክር ሳትሰማ ቀርተህ፣ ካሜራህን መዝነህ፣ ሚዛኑን ጠብቀህ፣ አረማመድ ተምረህ፣ የረጋ ምስል ይዘህ ትመጣለህ። ዳይሬክተሩ ያያል። ዝም ይላል። ከዚያ «በጣም ንጹሕ ሆነ። ትንሽ ሕይወት ይጎድለዋል። የሰው እጅ ይኑርበት» ይላል።

አትከፋ። ለዚህም ዕቃ አለው። የረጋ ምስልን የሚያንቀጠቅጥ ኤፌክት ይሸጣል፤ ልክ በእጅ የተያዘ እንዲመስል። ግዛው። መጠኑን ራስህ ትመርጣለህ፤ ለፍቅር ትንሽ፣ ለጠብ ብዙ፣ ለለቅሶ መካከለኛ። ይህንኑ ነገር ጊምባል ከመግዛትህ በፊት በነፃ ትሠራው እንደነበር ለዳይሬክተሩ አትንገረው። ዋጋህን ይቀንስብሃል።

ትራይፖድህንም አትሽጠው። ሞክረህ ነበር፤ ገዢ አልተገኘም። አልጋ ሥር ይቀመጥ።

በል አሁን ሂድ። ነገ ሰርግ ካለህ ባትሪዎቹን ሁሉ ዛሬ በጊዜ ሰካቸው፤ ማታ መብራት ሊጠፋ ይችላል።